ግልጽ ደብዳቤ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፦ አንዴ የነገርናችሁን ደግማችሁ አትጠይቁን

ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ በአነስተኛ የኮሙኒኬሽን ድርጅቶች ላይ የተደራረበውን የቅጽና የሪፖርት ሸክም ስለማቃለል

ክቡራን ኮሚሽነሮች፦

እኔ ስድስት ሠራተኞች ያሉት የስልክ አገልግሎት ድርጅት ባለቤት ነኝ። በኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ መስመርና ወደ ውጭ አገር ለመደወያ የሚሆን ቅድመ ክፍያ ሒሳብ እንሸጣለን። ደንበኞቻችን ወደ ኢትዮጵያ የሚደውሉ ቤተሰቦች፣ የታክሲ ሾፌሮች፣ ጥቂት ሱቆች፣ ሁለት አብያተ ክርስቲያናትና አንድ ክሊኒክ ናቸው። ቀን ቀን መስመር የተቋረጠበትን ደንበኛ ሳስተናግድ እውላለሁ፤ ማታ ቅጽ እሞላለሁ። ትልቅ ድርጅት ውስጥ የሕግ ክፍል፣ የፋይናንስ ክፍል፣ የሪፖርት ክፍል እየተባለ የሚሠራው ሥራ እኛ ዘንድ የእኔና የሒሳብ ሠራተኛችን ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ራሳችሁ በመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣ በፌዴራል ሬጅስተር በየጊዜው የምታወጡት ማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወጥቶ በ1995 የተሻሻለው የወረቀት ሥራ ቅነሳ ሕግ፣ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከአሥር ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የሕዝቡን አስተያየት እንዲጠይቅ፣ ከአስተዳደርና በጀት ቢሮም ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። መጀመሪያ የ60 ቀን፣ ቀጥሎ የ30 ቀን ጊዜ ይሰጣል። ፈቃዱ ከሦስት ዓመት አይበልጥም፤ ሲያልቅ እንደገና ይጠየቃል። ማስታወቂያችሁ መረጃው በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ሥራው ይወስዳል ብላችሁ የገመታችሁት ሰዓት ልክ እንደሆነ፣ ጥያቄው እንዴት ግልጽ ሊሆን እንደሚችል፣ ሸክሙም ከ25 ያነሱ ሠራተኞች ላሏቸው ድርጅቶች እንዴት ሊቀል እንደሚችል ይጠይቃል። እኛ ስድስት ነን። ስለዚህ ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። ለዓመታት ግን አልመለስንም። ጠበቃ ያላቸው ትልልቆቹ ሲመልሱ እኛ ማስታወቂያው መውጣቱንም አላወቅንም ነበር።

ይህ ደብዳቤ በእንግሊዝኛም ይደርሳችኋል። በአማርኛ በግልጽ ያወጣሁት በዚሁ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቼ አንብበውት የየራሳቸውን እንዲጨምሩበት ነው።

ከሁሉ በፊት የምንጠይቀውና የማንጠይቀው ይለይ። ከቁጥጥር ውጭ እንድንሆን አንጠይቅም። በማሽን ጥሪ የሚያጥለቀልቅ የሮቦኮል አጭበርባሪ የማንን እናት እንደሚያታልል እናውቃለን፤ ተታልለው ገንዘብ ከላኩ በኋላ ወደ እኛ ሱቅ መጥተው ያለቀሱ አሉ። ማን ስልክ እንደሚሸጥ፣ የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚመራው መንግሥት ማወቅ አለበት። የደንበኛ የጥሪ መረጃ መጠበቅ አለበት። በገጠር ላሉ ስልክና ኢንተርኔት እንዲደርሳቸው ሁላችንም ማዋጣታችን ተገቢ ነው። ቅሬታችን ያንኑ አንድ መልስ በተለያየ በር፣ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ የይለፍ ቃል ደጋግመን እንድንሰጥ መደረጋችን ላይ ነው። አንዱ በር ላይ ከተሳሳትን ደግሞ በሌላው ልክ መሆናችን አያድነንም።

አንደኛ፣ የቀኖቹ ነገር።

ማርች 1ን እንውሰድ። በዚያ ቀን የደንበኞችን የጥሪ መረጃ እንዴት እንደምንጠብቅ የሚገልጸው፣ የድርጅቱ ኃላፊ የሚፈርምበት ዓመታዊ ማረጋገጫ ይደርሳል። በዚያው ቀን በሮቦኮል መከላከያ ዳታቤዝ ያለው መዝገባችን ትክክል መሆኑን የምናረጋግጥበት ቀን ያበቃል፤ ከ2026 ጀምሮ በየዓመቱ ይታደሳል፣ 100 ዶላርም ይከፈልበታል። የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጡት ደግሞ በዚያው ቀን እስከ ዲሴምበር 31 ያለውን የሽፋን መረጃቸውን ማስገባት አለባቸው። ሦስቱም የሚገቡት ወደተለያየ ሲስተም ነው። ወር እንዳለፈ ኤፕሪል 1 ይመጣል፤ የገቢ መግለጫው ቅጽ 499-ኤ አለ፣ አካል ጉዳተኞች አገልግሎታችንን መጠቀም እንዲችሉ ያደረግነውን መመዝገባችንን የምናረጋግጥበት ሌላ መዝገብ አለ። ከእነዚህ ቀደም ብሎ ፌብሩዋሪ 1 ላይ የሩብ ዓመቱ የገቢ ትንበያ ቅጽ 499-ኪው ነበረ። በስማቸው የስልክ ቁጥር የተመደበላቸው ድርጅቶች በዚያው ቀን ስለ ቁጥሮቹ አጠቃቀም ቅጽ 502ን ይሞላሉ።

የሒሳብ ሠራተኛችን አንድ ደብተር አላት። በየገጹ አንድ ሲስተም ተጽፏል፤ ከላይ ስሙ፣ ከሥሩ የመግቢያ ስም፣ ከዚያ የተሰረዙ የይለፍ ቃሎች መደዳውን፣ ከታች ደግሞ ያልተሰረዘው አንዱ። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሳምንት ደብተሩን ከመሳቢያ ታወጣና «ጋሼ፣ የየትኛው ነው የተቆለፈው?» ትለኛለች። አንዱ ሁልጊዜ ይቆለፋል፤ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚከፈት ነገር የይለፍ ቃሉ ሊታወስ አይችልም። ባለፈው ዓመት ለማስከፈት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። በዚያ ግማሽ ቀን ስልኩን የሚያነሳ ስላልነበረ የክሊኒኩ መስመር መቆራረጡን የሰማነው ከሰዓት በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ አድራሻ።

ቢሮ ቀየርን። ሕንፃውን እንኳ አልለቀቅንም፤ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ወረድን። የተለወጠው የክፍሉ ቁጥር ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር በኮሚሽኑ መመዝገቢያ ሲስተም ውስጥ ማረም ነበረብን። በ499 መዝገብ ላይ ማረም ነበረብን። በሮቦኮል ዳታቤዝም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማረም ነበረብን። ሁለቱን አረምን፣ ሦስተኛውን ዘነጋን። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አልክድም።

ያስከተለውን ግን ስሙኝ። ጥሪዎቻችንን ከሚያስተላልፉልን የጅምላ አቅራቢዎች አንዱ ሁለቱን መዝገቦች በኮምፒውተር ያስተያያል። የክፍሉ ቁጥር አልገጠመለትም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማብራሪያ የሚጠይቅ ኢሜይል ላከ፤ ኢሜይሉን ከማየታችን በፊት መስመራችንን ዘጋው። እስከ ሰኞ ረፋድ ድረስ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ጥሪ ሁሉ ቆመ። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ደንበኛችን ሱቁ ድረስ መጡ፤ አባታቸው ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ከሌሊት ጀምሮ ቢሞክሩም አልገባላቸውም። በራሴ ሞባይል ደውዬ አገናኘኋቸው፤ እሳቸው ቆመው ሲያወሩ እኔ በሌላው ስልክ አቅራቢውን እለምን ነበር።

አቅራቢው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ይገባኛል። ከሴፕቴምበር 28 ቀን 2021 ጀምሮ በዳታቤዙ ውስጥ ከሌለ ድርጅት ጥሪ መቀበል አይችልም። በ2025 ኦገስት ላይ ከ1,200 በላይ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ከዳታቤዙ ሲሰረዙ ሁሉም አይቷል። የተሳሳተ መረጃ ማስገባት በ10,000 ዶላር፣ ለውጥን በጊዜው አለማሳወቅ በ1,000 ዶላር መነሻ የሚያስቀጣ ደንብም ወጥቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቁ አቅራቢ ትንሹን ደንበኛ ዘግቶ መጠየቅን ይመርጣል። አጭበርባሪን ለመያዝ የወጣ ደንብ የክፍል ቁጥር የዘነጋውን ከአጭበርባሪ ለይቶ ካላየ፣ የሚጎዳው ወደ ደሴ የሚደውለው ሰው ነው። አድራሻው አንድ ቦታ ተቀምጦ ሌሎቹ ሲስተሞች ከዚያ ቢያነቡት ኖሮ ይህ ከነጭራሹ አይፈጠርም ነበር። ለእያንዳንዳችን ባለ አሥር አኃዝ የመመዝገቢያ ቁጥር ሰጥታችሁናል። ቁጥሩ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

ሦስተኛ፣ 499፤ በገጠር ላሉ ስልክና ኢንተርኔት እንዲደርስ ለተቋቋመው ፈንድ የምናዋጣው መዋጮ የሚሰላበት የገቢ ቅጽ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ እኛን ከሁሉ በላይ ያደከመን እሱ ነው።

ቅጹ ራሱ ጥቂት ገጽ ነው፤ መመሪያው ግን ብዙ አሥር ገጾች ነው። ገቢን በአንድ ስቴት ውስጥ፣ በስቴቶች መካከል፣ ዓለም አቀፍ ብሎ በሦስት ያስከፋፍላል። በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ የሚሸጥ ድርጅት ገቢውን መከፋፈል ካቃተው 64.9 በመቶውን በስቴቶች መካከል ነው ብሎ እንዲያስገባ የተፈቀደ አቋራጭ አለ፤ እሱ ደግ ነገር ነው። እንደኛ ዋናው ገቢው ወደ ውጭ ከሚደረግ ጥሪ የሆነ ድርጅት ግን በአቋራጩ ሊሄድ አይችልም፤ ምክንያቱ የ12 በመቶው ደንብ ነው። በስቴቶች መካከል የሚገኘው ገቢ ከዓለም አቀፉ ጋር ከተደመረው ገቢ 12 በመቶ ካልሞላ መዋጮው የሚሰላው በስቴቶች መካከል ባለው ገቢ ላይ ብቻ ነው። 12 በመቶ ከሞላ ግን ዓለም አቀፉም አብሮ ይታሰባል።

በቁጥር ላሳይ። ከሁለቱ የተገኘው 100 ዶላር ቢሆንና 11 ዶላሩ በስቴቶች መካከል ቢሆን፣ በ2025 ሁለተኛ ሩብ ዓመት በነበረው የ36.6 በመቶ መጣኝ መዋጮው ከ5 ዶላር በታች ነው። ያው 11 ዶላር 13 ቢሆን መዋጮው ከ25 ዶላር በላይ ይሆናል። ለውጡ ሁለት ዶላር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥሪ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በማስረጃ መለየት አለብን፣ ማስረጃውንም አምስት ዓመት ማስቀመጥ አለብን። ደንበኛው የሜሪላንድ ቁጥር ያለው ሞባይል ይዞ ቴክሳስ ውስጥ ቆሞ የመደወያ ቁጥራችንን ሲነካና ወደ ቨርጂኒያ ሲደውል የት ነው የምንመድበው? ይህን ለመለየት የሒሳብ ሠራተኛችን በየሩብ ዓመቱ የጥሪ መዝገቡን በኤክሴል ታወርዳለች፤ መስመሩ ብዙ ከመሆኑ የተነሳ ፋይሉ ሲከፈት ኮምፒውተሯ ስለሚቆም ወር በወር ቆራርጣ ነው የምትሠራው።

አሁን ደግሞ የ10,000 ዶላሩን ነገር እናንሳ። ዓመታዊ መዋጮው 10,000 ዶላር የማይሞላ ድርጅት ከመዋጮውም ከሩብ ዓመት ቅጾቹም ነፃ ነው። ይህ ጣሪያ በ1997 የተወሰነ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተነካም። መጣኙ ግን ተነክቷል። በ2000 ዓመቱን ሙሉ ከ6 በመቶ በታች ነበር። ያን ጊዜ 10,000 ዶላር ለመሙላት ከ166,000 ዶላር በላይ የሚታሰብ ገቢ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ 40,000 ዶላር የማይሞላ ገቢ ይበቃዋል። ማንም «ትንንሾቹን እናስገባ» ብሎ ሳይወስን፣ ማስታወቂያ ሳይወጣበት፣ አስተያየት ሳይጠየቅበት፣ ጣሪያው ዝም ብሎ እየወረደ ለትንንሾች የተከፈተውን በር ዘጋው። እኛም በዚያ በር መግባት ያቃተን ደንበኛ ስለበዛልን አይደለም።

በዚህ ላይ የድጋሚ ሻጭ ማረጋገጫ አለ። ከጅምላ አቅራቢ ገዝተን ስለምንሸጥ፣ መዋጮውን ራሳችን እንደምንከፍል ለእያንዳንዱ አቅራቢ በየዓመቱ በፊርማ እናረጋግጣለን። አራት አቅራቢዎች አሉን፤ አራቱም የየራሳቸው ቅጽ አላቸው፤ አንዱ በፋክስ ካልሆነ አይቀበልም ነበር። ማረጋገጫው ካልደረሰው አቅራቢው መዋጮውን ከእኛ ቢል ላይ ይጨምረዋል። እኛ ደግሞ በዚያው አገልግሎት ላይ ለፈንዱ ራሳችን ከፍለናል። አንድ ዓመት ይህ ደርሶብናል፤ የላክነው ወረቀት ከአቅራቢው ዘንድ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ከፍለን፣ ገንዘቡን ለማስመለስ ከስምንት ወር በላይ ተመላልሰናል። ማን መዋጮ ከፋይ እንደሆነ ግን ለሕዝብ ክፍት በሆነው የ499 መዝገብ ላይ ተጽፏል። አቅራቢው ስማችንን ፈልጎ ማየት ይችላል።

አራተኛ፣ ካርታው።

ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ በሚኒሶታ ገጠር የሽቦ አልባ ኢንተርኔት የሚያቀርብ ወዳጄ ጉዳይ ነው። እሱና ወንድሙ ሁለት ናቸው። በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት በዓመት ሁለት ጊዜ የሽፋን መረጃ ያስገባል፤ እስከ ጁን 30 ያለውን በሴፕቴምበር 1፣ እስከ ዲሴምበር 31 ያለውን በማርች 1። እያንዳንዱ ቤት በተመዘገበበት የቦታዎች ዝርዝር ላይ የት እንደሚያደርስ ያመለክታል፣ ፍጥነቱን ያስገባል፣ ኃላፊና የኢንጂነሪንግ ብቃት ያለው ሰው ትክክል ነው ብለው ይፈርሙለታል። ካርታው ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ ያምናል። 42.45 ቢሊዮን ዶላሩ የኢንተርኔት ማስፋፊያ ገንዘብ የሚከፋፈለው ያንን ካርታ መሠረት አድርጎ ስለሆነ፣ ካርታው ላይ «ተደርሷል» የተባለ ጎረቤት እርዳታ ይቀርበታል።

ሆኖም የቦታዎቹ ዝርዝር በየዙሩ ይታደሳል። ስለዚህ ማማው ባይነቃነቅ፣ አንድ ቤት ባይጨመር እንኳ ፋይሉ እንደገና ይሠራል። በፌብሩዋሪ ውርጭ ቀን ማማ ላይ ወጥቶ በረዶ ከአንቴና ሲያራግፍ ይውላል፤ ማታ ጓንቱን አውልቆ፣ ጣቶቹ ገና ሳይሞቁ፣ ካርታ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። አንድ ማታ ስደውልለት ሲስተሙ ፋይሉን አራት ጊዜ መልሶበት ነበር፤ አንድ ዓምድ በጽሑፍ ተመዝግቦ በቁጥር መሆን ነበረበት። አማካሪ ልቅጠር ቢል ክፍያው የአንድ አዲስ ማማ ዕቃ ዋጋ ሆኖበታል። «ለካርታው ከከፈልኩ ለሰዎቹ የምዘረጋው የለኝም» አለኝ።

ስለ ሬዲዮ አጭር ነገር ብቻ ልበል። የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ላይ በሳምንት አንድ ሰዓት በአማርኛ የሚያሰራጩ ወገኖች አሉን። ጣቢያዎቹ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር 10ኛ ቀን ለማኅበረሰቡ ጉዳዮች የሰጡትን ዝግጅት ዝርዝር በኦንላይን ያስቀምጣሉ። አዘጋጆቻችን በነፃ የሚሠሩ ናቸው፤ ከሥራ ሲመለሱ የትኛውን ዕለት ስለ ምን እንዳወሩ ቀንና ደቂቃ እያስታወሱ ይጽፋሉ። ይህኛው ይሰረዝ አልልም፤ ሰው የሚያነበው፣ ጣቢያውንም ለአድማጩ ተጠያቂ የሚያደርግ ነው። በቀላሉ የሚሞላ ቅጥ ይኑረው እንጂ ይቆይ።

አምስተኛ፣ ስለ ሰዓት ግምታችሁ።

በየማስታወቂያው ላይ አንድ መልስ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ትገምታላችሁ። ግምቱ ለሺህ ሠራተኛና ለስድስት ሠራተኛ በአንድ አማካይ ሲቀመጥ የእኛ ኑሮ ውስጡ አይታይም። ትልቁ ድርጅት ውስጥ ያንኑ ቅጽ ዓመት ከዓመት የሚሠራ ሰው አለ፤ ስለዚህ ፈጥኖ ይጨርሳል። እኛ በየዓመቱ ከመጀመሪያው እንማራለን። ባለፈው ኤፕሪል 499-ኤን ስንሞላ የፈጀብንን ጊዜ ወረቀት ላይ መዝግበን ነበር። ቁጥሮቹን ቅጹ ላይ መጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰ። መመሪያውን አንብቦ ካለፈው ዓመት ምን እንደተለወጠ መፈለግ፣ ጥሪዎችን መለየት፣ ጥርጣሬ በገባን ሁለት መስመሮች ላይ ስልክ ደውሎ መልስ መጠበቅ፣ እንደገና መደመር፣ ይህ ሁሉ ስምንት የሥራ ቀን ወሰደ። ግምታችሁ ውስጥ ስንቱ እንደገባ ማወቅ እፈልጋለሁ።

በዚህ መሃል ደግሞ በፍርሃታችን የሚነግዱ አሉ። ከማርች 1 በፊት «ቅጣት ሊደርስባችሁ ነው» የሚል ደብዳቤ ማኅተም መሰል ምልክት አድርገው ይልካሉ፤ እንሞላላችኋለን ብለው ያስከፍላሉ። አንድ የማውቀው ባለሱቅ ለእንዲህ ያለ ድርጅት ከፍሎ እፎይ አለ፤ ድርጅቱ ቅጹን ሳያስገባ ጠፋ። ባለሱቁ ያወቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። መመሪያው እሱ በሚረዳው ቋንቋ ቢጻፍ ኖሮ ራሱ ይሞላው ነበር። በ2010 የወጣው የግልጽ አጻጻፍ ሕግ ሕዝብ ግዴታውን እንዴት እንደሚወጣ የሚያስረዱ ጽሑፎች ሰው በሚገባው አጻጻፍ እንዲቀርቡ ያዛል። የ499ኙን መመሪያ ከዚህ ሕግ ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡት።

ማቃለል እንደሚቻል ደግሞ የእናንተው ታሪክ ይመሰክራል። በ1999 ለተለያዩ ፈንዶች በተለያየ ቅጽ ይሞላ የነበረውን አጣምራችሁ 499ን አንድ አደረጋችሁት። በ2017 ዓመታዊውን የዓለም አቀፍ ትራፊክና ገቢ ሪፖርት አስቀራችሁ፤ ወደ ውጭ ጥሪ የምንሸጥ ሁሉ ያን ዓመት እናስታውሰዋለን። በማርች 2025 ደግሞ የትኛው ደንብ ይሰረዝ ብላችሁ ለሁሉም ጥያቄ ከፈታችሁ። ያረጀ ደንብ መሰረዝ ጥሩ ነው። ነገር ግን ማንም የማይጠቀምበት ደንብ ሲሰረዝ ከእኛ ጠረጴዛ ላይ የሚነሳ ወረቀት የለም። የእኛ ወረቀት ያለው በሥራ ላይ ባሉት፣ በሚያስፈልጉትም ደንቦች ውስጥ ነው፤ እነሱ ናቸው እርስ በርስ መናበብ ያለባቸው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የድርጅቱ ስም፣ አድራሻ፣ ኃላፊና የመገናኛ ሰው በመመዝገቢያ ቁጥሩ ሥር አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ፤ አንዴ ሲታረም በ499ም፣ በሮቦኮል ዳታቤዙም፣ በሽፋን መረጃውም ይታረም። ከሁሉ ይህ ይቅደምልን። ሌላው ቢዘገይ እንታገሣለን።

ከ25 ያነሱ ሠራተኞች ላሏቸው ድርጅቶች የማርች 1ና የኤፕሪል 1 ማረጋገጫዎች በአንድ መግቢያ፣ በአንድ ፊርማ፣ በአንድ ቀን ይጠቃለሉ።

የ10,000 ዶላሩ ጣሪያ ከመጣኙ ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ ይደረግ፤ ቢያንስ በ2000 በነበረው አቅሙ ልክ ይስተካከል። ይህ ውሳኔ እስኪደርስ ድረስ ትንንሽ ድርጅቶች የሩብ ዓመት ትንበያ ማስገባታቸው ቀርቶ በዓመታዊው ቅጽ ብቻ ይተሳሰቡ። የ12 በመቶው ደንብም በአንድ ዓመት ትንሽ ያለፈውን በሙሉ ገቢው ከማስከፈል ይልቅ ባለፈበት ልክ እንዲያስከፍል ይታይ።

በ499 የሕዝብ መዝገብ ላይ መዋጮ ከፋይ ተብሎ መታየት ለድጋሚ ሻጭ ማረጋገጫ በቂ ይሁን፤ አቅራቢም ከዚያ ውጭ ወረቀት እንዳይጠይቅ በጽሑፍ ይገለጽ።

ሽፋኑ ያልተለወጠ አነስተኛ የኢንተርኔት አቅራቢ «አልተለወጠም» ብሎ ሲፈርም፣ ያለፈውን ሽፋን በታደሰው የቦታ ዝርዝር ላይ ሲስተሙ ራሱ ይጫንለት።

የስም፣ የአድራሻ ወይም የቀን ስህተት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ ለማረሚያ 30 ቀን ይሰጥ። በእነዚህ 30 ቀናት ውስጥ መዝገባችን «በእርማት ላይ» ተብሎ ይታይ፤ አቅራቢም በዚህ ምክንያት ብቻ ጥሪ እንዳይዘጋ ይነገረው። ሐሰተኛ ስም ይዞ የሚያጭበረብረውን ግን በዚያው ቀን ዝጉት፤ ከእኛ የሚከራከራችሁ አይኖርም።

የሰዓት ግምቱ ከ25 ያነሱ ሠራተኞች ላሏቸው ለብቻው ይሰላ፤ ከመሰላቱ በፊትም ቅጹን በእጃቸው ከሚሞሉት መሃል የተወሰኑትን ጠይቁ። ጠረጴዛችን ክፍት ነው። አንድ ሠራተኛችሁ በፌብሩዋሪ የመጨረሻ ሳምንት መጥቶ ከሒሳብ ሠራተኛችን ጎን ይቀመጥ፣ ደብተሩንም ይይ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ወገኖቼም አንድ ነገር አለኝ። ቅጽ ሲደርሳችሁ የአስተዳደርና በጀት ቢሮ የቁጥጥር ቁጥርና የፈቃዱ ማብቂያ ቀን እንዳለበት እዩ። ሕጉ የፀና ቁጥር የሌለው የመረጃ ጥያቄን ባለመመለሱ ማንም እንዳይቀጣ ይጠብቃል። ቁጥሩ ካለ ግን በጊዜው ሙሉ፤ የወሰደባችሁንም ሰዓት በወረቀት መዝግቡ። የ60 ቀኑ ማስታወቂያ ሲወጣ ያንን ወረቀት አያይዛችሁ ላኩ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ጠበቃም አያስፈልገውም።

ከአክብሮት ጋር፣

የስድስት ሠራተኞች የስልክ አገልግሎት ድርጅት ባለቤትና ቅጽ ሞዪ፤
ከድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ጋር በመሆን